ግድቡ ከተመረቀ በኋላም ማገዶ የምንለቅመው ለምንድን ነው?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በዳንግላም ሆነ በየገጠሩ ገበያ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከደመወዙ አስቆርጦ ቦንድ የገዛው መምህር፣ እህል ሸጦ ያዋጣው ገበሬ፣ ከዕቁቧ ቀንሳ የሰጠችው ነጋዴ ሁሉም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ግድቡ ካለቀ እናቶቻችን ዛሬም ኩበት የሚጠፈጥፉት፣ እኅቶቻችንም ጭራሮ ተሸክመው ዳገት የሚወጡት ለምንድን ነው? ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጊዜ ይፈልጋል» በሚል ማጽናኛ ወይም «ተታለልን» በሚል ቁጣ ስለሚዘጋ የነገሩ አሠራር ሳይብራራ ይቀራል። በእኔ እምነት የጎጃም የኃይል ጉዳይ ከመብራት በፊት የምድጃ ጉዳይ ነው፤ ስለ ታዳሽ ኃይል የምንሰጣቸው አስተያየቶች ብዙዎቹ የሚሳሳቱትም አምፖል ከማብራትና እንጀራ ከመጋገር መካከል ያለውን ልዩነት ሳይመለከቱ ስለሚያልፉ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ውኃ እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ግድብ ውኃ ከከፍታ ሲወርድ የሚኖረውን ጉልበት ተርባይን በሚባለው መዘውር ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ የሚገኘውን ኃይል በዋናነት የሚወስኑትም የውኃው ብዛትና የሚወርድበት ከፍታ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን፣ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ኪሎዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንግዲህ አንዲት እናት ምጣዷን ለአንድ ሰዓት ያህል ሳታጠፋ ብትጋግር 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ 14 ሜትር ኩብ ወይም 700 ጀሪካን ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ መውረድ አለበት ማለት ነው። ይኸው ኤሌክትሪክ ባለ 10 ዋት አምፖል በየምሽቱ ለአምስት አምስት ሰዓት ቢያበራ ከሁለት ወር በላይ ይበቃ ነበር።

ሒሳቡን ወደ ግድቡ እንውሰደው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ይህ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 13ቱ ተርባይኖቹ በአንድነት በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩም እስከ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫሉ፤ አንድ ሜጋዋት 1,000 ኪሎዋት ነው። ይህ ኃይል በሙሉ ለምጣድ ብቻ ቢውል በአንድ ጊዜ ሊያስግላቸው የሚችለው አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ምጣዶችን ነው፤ በአገራችን ያለው ቤተሰብ ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። በእርግጥ ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት አይጋግርም፤ ሌሎች ማመንጫዎችም አሉ። ቢሆንም ይህ ቁጥር ግድቡን አያሳንሰውም፤ የሚያሳየን እንጀራ መጋገር ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነና ሴቶቻችን ይህን ሁሉ ጉልበት እስከ ዛሬ በጫካ እንጨትና በጀርባቸው ሲያቀርቡት እንደኖሩ ነው።

ኃይሉ ቢመነጭም ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ አንድ የገጠር ጎጆ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በመጀመሪያ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በመካከለኛ መስመር ወደየከተማውና ወደየቀበሌው ይደርሳል፤ በመጨረሻም ምሰሶ ላይ በተሰቀለ ትራንስፎርመር ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ በቆጣሪ በኩል ወደ ቤት ይገባል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ቆጣሪው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆነዋል። ብዙው ችግር ያለው በዚህ የመጨረሻው ክፍል ነው። 50 ኪሎቮልት አምፔር የሚባለው አነስተኛ ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ከ14 የማይበልጡ ምጣዶችን ሲሆን፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ሰፈር በሙሉ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲያሰማ ትራንስፎርመሩ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ሰፈሩም በበዓሉ ቀን ወደ ማገዶው ይመለሳል። ጎረቤታሞች የመጋገሪያ ቀናቸውንና ሰዓታቸውን ቢከፋፈሉ ከማንም ምንም ሳይጠብቁ ይህን ጉዳት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ በየዕድሩ ሊነገር የሚገባው ምክር ይህ ይመስለኛል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር የተበጠሰ መስመር በቶሎ እንዳይጠገን ማድረጉም የነገሩ አካል ነው።

«እኛ ጨለማ ላይ እያለን ለጎረቤት አገር ይሸጣል» የሚለው ቅሬታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ መሸጧ እውነት ነው፤ ስሜቱንም ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ለውጭ የሚሸጠው ቢቆም ኃይሉ ወደ ሰከላ ወይም ወደ ቢቡኝ ገጠር አይመጣም፤ እዚያ የጠፋው ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ነውና። መጠየቅ ያለብን ከሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ለእነዚህ ነገሮች መዋሉንና ስንት ቀበሌ በየዓመቱ እንደሚገናኝ ነው። ይህ በቁጥር ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ታዳሽ ኃይል ሁሉ ጉዳት የሌለው ነው የሚለው አስተያየት ደግሞ ለጎጃም ሰው አዲስ መሆን አልነበረበትም፤ የጢስ እሳት ፏፏቴ ምን እንደሆነ አይቷልና። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለነበር ፏፏቴው ግርማውን እንደያዘ ቆይቶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተከተለ፤ ፏፏቴውም በዓመቱ ለብዙው ጊዜ ቀጠነ። ከዚያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ተመረቀ፤ ይህኛው ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ይህ ለምን ተመረጠ ቢባል መልሱ ከላይ ያየነው የከፍታ ሕግ ነው። በጢስ እሳት ውኃው የሚወርደው 45 ሜትር ገደማ ሲሆን በበለስ በኩል ግን 300 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ያንኑ ያህል ውኃ ከስድስት እጥፍ በላይ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በለስም ተመልሶ ወደ ዓባይ የሚገባው ከሕዳሴው ግድብ በላይ በመሆኑ ያው ውኃ እንደገና ተርባይን ያዞራል። በመሐንዲስ ዓይን ይህ የተዋጣለት አሠራር ነው። በጢስ ዓባይ ከተማ አስጎብኚ ሆኖ ይኖር ለነበረው ወጣት፣ በጣና ዳር ታንኳ ለሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥቅሙ ለአገር ሁሉ ሲከፋፈል ጉዳቱ በአንድ ቦታ መከማቸቱ ፍትሐዊ አይደለም፤ ፕሮጀክቱ ትክክል ነበር ማለትና ለተጎዱት ካሣ ይገባቸው ነበር ማለት አብረው የሚሄዱ አሳቦች ናቸው።

በፀሐይ ኃይል ላይ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ጫፍ የያዘ ነው፤ አንዱ «ሶላር የድኻ ማታለያ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፀሐይ እያለን ግድብ ለምን?» ይላል። ሁለቱንም ሒሳቡ ያርማቸዋል። ባለ 20 ዋት ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በቀን 100 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ይህም አምፖል ለማብራትና ስልክ ለመሙላት ይበቃል፣ ልጆች በኩራዝ ጭስ ፈንታ በብርሃን እንዲያጠኑም ያደርጋል። ያለ ማጋነን የቤተሰብን ሕይወት የሚለውጥ ነገር ነው። ለአንድ ሰዓት ምጣድ ግን ይኸው ሰሌዳ የ35 ቀን ፀሐይ ማጠራቀም ይኖርበታል። በመስኖ ላይ ግን የፀሐይ ኃይል እጅግ የተመቸ ነው፤ ሰብል ውኃ የሚፈልገው ፀሐይ በሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ባትሪ ሳያስፈልግ ፓምፑ ሊሠራ ይችላል። በሜጫና በጣና ዙሪያ በነዳጅ ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ወደዚህ እንዲሸጋገር ብድር ቢመቻችለት ብድሩን ለነዳጅ ያወጣው በነበረው ገንዘብ ሊከፍለው ይችላል።

የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ መሆኑ ደግሞ የራሱ ስጋት አለው። በ2001 ዓ.ም. እና እንደገና በ2011 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በመጉደሉ መብራት በፈረቃ እንደነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ነፋስና ፀሐይ በአገራችን የሚበረቱት በአብዛኛው ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋ በመሆኑ የአሸጎዳና የአዳማ ዓይነት የነፋስ ማመንጫዎች የግድብ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ደጋፊ ናቸው።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነውና። በገጠር ጎጃም የሚነደው ማገዶ፣ ጭራሮና ኩበት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ውስጥ ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ሲሆን ሌላው በጎን ይወጣል፣ በጭስም ይባክናል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» መባሉ ለሰው አስተዳደር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለማገዶ ግን ጉልቻ መለወጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ጥሬ ዕቃ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከብበው ለእንጀራ የሚያስፈልገውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህ ማለት በሳምንት ሁለት ሸክም የምታመጣ ሴት አንዱን ሸክም ትተዋለች ማለት ነው። ጭሱም ይቀንሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚፈጠር የአየር ብክለት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ለ3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ ይገምታል። የምድጃ ጭስ ጉዳይ የሴቶችና በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት የሳምባ ጉዳይ ነው፤ በኃይል ፖሊሲ ውይይት ውስጥ ከሜጋዋት በታች መቀመጡ ያሳዝነኛል።

ኩበትን በተመለከተ የሚደርሰው ጉዳት በዓይን ስለማይታይ ይበልጥ ይከፋል። እበት በማሳ ላይ ቢቀር አፈሩን የሚያለሰልስ ብስባሽና ናይትሮጅን ይሰጥ ነበር፤ ሲነድ ግን ብስባሹ ይጠፋል፣ ናይትሮጅኑም በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ አመዱ የሚያስቀረው እንደ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉትን ብቻ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የዝናቡ ብዛት አፈሩን አጥቦ አሲዳማ ስላደረገው ገበሬው ዛሬ ኖራ ፈላጊ ሆኗል፤ ከዚያም በላይ የማዳበሪያ ዋጋ አስጨንቆታል። ስለዚህ ኩበት በነጻ የተገኘ ማገዶ ሳይሆን ከማሳ ላይ የተወሰደ ማዳበሪያ ነው። ባዮጋዝ እዚህ ላይ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ጋዙ ምድጃ ላይ ነዶ የሚቀረው ፈሳሽ ወደ ማሳ ይመለሳል። ሆኖም ቢያንስ አራት ያህል ከብትና በቅርብ ውኃ ይፈልጋል፤ ለወጥና ለቡና ተስማሚ ሲሆን ለእንጀራ ግን እስካሁን በሰፊው አልተለመደም።

እንጨትስ? እንጨት እንደገና ስለሚበቅል ታዳሽ ነው፤ ይህ ግን የሚጸናው የሚቆረጠው ከሚበቅለው እስካልበለጠ ድረስ ብቻ ነው። ላሟን ሳያርዱ ወተቷን መጠጣት እንደማለት ነው፤ በዓመት የሚያድገውን ያህል ብቻ የሚወስድ ሰው ደኑን አይጎዳውም። በጎጃም የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ብቻ ተከብሮ የቀረው ይህ ሚዛን ከብዙ ዘመን በፊት ስለተዛባ ነው።

ክፍተቱን የሞላው በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። «ባሕር ዛፍ ምድሩን ያደርቃል» የሚለው አስተያየት ከፊሉ እውነት ነው። በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውኃ መሳቡ አይቀርም፤ በምንጭ አናት ላይ ሲተከል ምንጩን ያቀጥናል፣ በማሳ ድንበር ላይ ሲሆንም የጎረቤትን ጤፍ ያቀጭጫል፤ ከዚህም ብዙ የድንበር ጠብ ይነሣል። በሌላ በኩል ግን በሰው እጅ የተረፈውን የወይራና የጽድ ዛፍ ከመጥረቢያ ያዳነው፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ገንዘብ በአጣና ሽያጭ ያስገኘው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው የተሰቀለበትም ምሰሶ በብዙ ቦታ የሆነው እርሱ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን ከመንቀልም ከማሞገስም የሚሻለው ቦታውን መወሰን ነው፤ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ በተጎዳ ዳገት ላይ ቢሆን ጥቅሙ ያመዝናል።

በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች በራሳቸው ጥረት ያስፋፉት ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዝርያ አተካከል ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በዛፉ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም እንደገና ለጤፍ ይታረሳል። ዲከረንስ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈር የሚሰጥ ዛፍ በመሆኑ የደከመው መሬት ያርፋል፤ ራቁቱን የነበረው ኮረብታም አረንጓዴ ሆነ። ከሰል ሁሉ ደን አውዳሚ ነው የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። ቢሆንም ሁለት ችግሮች አሉት። በአፈር ተሸፍኖ በባህላዊ መንገድ የሚከሰለው እንጨት እጅግ ይባክናል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይነዳል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል፤ አካባቢው በሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ስለተሸፈነ በቅርብ ዓመታት የታየው የዝገት በሽታ ከማሳ ወደ ማሳ በፍጥነት ተዛምቶ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ላይ አደጋ ጣለ። ዝርያ መቀላቀል የግብርና ባለሙያዎች ቀዳሚ ሥራ መሆን አለበት።

«ዓለምን የበከሉት ሌሎች ናቸው፤ እኛ ለምን እንጨነቃለን?» የሚለው አስተያየት መነሻው እውነት ነው። ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣውን ካርቦን ብቻ ብንቆጥር አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚለቀው ከ0.2 ቶን አይበልጥም፤ የዓለም አማካይ ግን 4.7 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ባለጸጎቹ አገሮች ዕዳ አለባቸው ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን እርከን የምንሠራው፣ ልቅ ግጦሽ የምናቆመው፣ ምድጃ የምንለውጠው ለእነርሱ ስንል አይደለም፤ የሚታጠበው አፈር የኛ ነው፣ ጭሱን የሚተነፍሱትም የኛ ልጆች ናቸው።

የአፈሩ ነገር ደግሞ ቀጥታ ወደ ግድቡ ይወስደናል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ጨሞጋ፣ ሙጋና ተምጫ ወደ ዓባይ ሲገቡ በክረምት የሚይዙት ቀይ ውኃ ከገብስና ከድንች ማሳ የተነሣ አፈር ነው፤ ይህም ደለል ሆኖ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል፣ በዓመታት ብዛትም የውኃውን ቦታ ይሻማል። የሲናን ወይም የቢቡኝ ገበሬ ዳገቱን ከልሎ ከግጦሽ ሲያስቀር ከብቱን የሚያበላው ያጣል፤ እርከን ሲሠራም ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ይቀንሳል። ጥቅሙ ግን በአብዛኛው ወደ ታች ይፈስሳል፤ ወደ ግድቡ፣ ወደ ከተሞች፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚገዙት አገሮችም። እስከ ዛሬ የተፋሰስ ልማት ሥራ የተሠራው በዘመቻና በነጻ ጉልበት ነው፤ በየዓመቱም ችግኝ በሚሊዮን ተተክሎ ስንቱ እንደጸደቀ ሳይነገር የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ትክክል የሚመስለኝ ከሚሸጠው ኤሌክትሪክ፣ በተለይ ለውጭ ከሚሸጠው፣ ትንሽ ሳንቲም በሕግ ተለይቶ ለላይኛው ተፋሰስ እንዲመለስ ነው። በገንዘቡም ዳገቱን ለከለለ ገበሬ የመኖ ምትክ፣ ለጸደቀ እንጂ ለተተከለ ያልሆነ የችግኝ ክፍያ፣ መስመር ላልደረሰበት ቀበሌ ምርጥ ምድጃ፣ ለደረሰበት ደግሞ ትራንስፎርመርና የምጣድ መግዣ ብድር ሊቀርብ ይችላል።